በአፑሪማክ ላይ የተገመደ ሣር

ድልድዩ 28 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዎች መሐሉ ላይ ቢገናኙ አንዱ ጎኑን ሰጥቶ ሌላውን ማሳለፍ ይኖርበታል። ያለበት ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል፤ ዛፍ እንደልብ የማይበቅልበት ውርጭ አገር ነው። ከሥሩ የአፑሪማክ ወንዝ በአለት መሐል እየተጋፋ ይወርዳል። በድልድዩ ላይ ምስማር የለም። ሽቦም ሲሚንቶም የለም። በግራና በቀኝ ያሉትን የድንጋይ መሠረቶች፣ ገመዱ የሚታሰርባቸውን ግንዶችና የወለሉን ጭራሮ ካወጣን የቀረው ሣር ነው።

ቄስዋቻካ ይሉታል። የሚገኘው በደቡብ ፔሩ፣ በኩስኮ ክልል፣ ካናስ በሚባለው አውራጃ ነው። የኢንካ ነገሥታት ግዛታቸውን ያያያዙበት የመንገድ መረብ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ ዛሬ ኮሎምቢያ፣ ኤኳዶር፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ፣ ቺሊና አርጀንቲና በምንላቸው አገሮች ውስጥ ያልፋል። ኢንካዎች ጋሪ አልነበራቸውም፤ የብረት መሣሪያም አልነበራቸውም። ጭነቱን ላማ ይሸከማል፣ መልእክቱን ሯጭ ያደርሳል። ለእግረኛና ለላማ ደግሞ ከባድ የድንጋይ ቅስት አያስፈልግም። መንገዱ ጥልቅ ገደል ላይ ሲደርስ ገመድ ይዘረጋ ነበር። ከእነዚያ የገመድ ድልድዮች ውስጥ በጥንቱ ወግ እየታደሰ እስከ ዛሬ የዘለቀው ይህ እንደሆነ ይነገራል።

ሣር ይበሰብሳል። ስለዚህ ድልድዩ በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያ ይታደሳል። እኛ ዘንድ ሰኔ ክረምት መግቢያ ነው፤ በአንዲስ ተራሮች ግን ደረቅ ወቅት ነው፣ ወንዙ የሚጎድልበትና ገደሉ ለሥራ የሚመችበት። ይታደሳል ሲባል እዚህም እዚያም ይጠገናል ማለት አይደለም። አሮጌው ተቆርጦ ወንዝ ውስጥ ይለቀቃል፤ አዲሱ ከመጀመሪያው ጭብጥ ሣር ተነሥቶ እንደገና ይሠራል። ሥራው የአራት መንደሮች ነው፦ የዊንቺሪ፣ የቻውፒባንዳ፣ የቾክካይዋና የቆያና ኬዌ። ወንዙ ይለያቸዋል፣ ድልድዩ ያገናኛቸዋል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ዳር ይወጣሉ።

ሣሩን ቆያ ይሉታል። ጉብ ጉብ ብሎ የሚበቅል፣ አገዳው ቀጭንና ጠንካራ የሆነ የደጋ ሣር ነው። መንዝ ላይ ጓሳን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሣር እንግዳ አይሆንም። ጓሳም ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ ይበቅላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰዎች ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት እየዘጉ፣ ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ለብዙ ዘመን የጠበቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛፍ በሌለበት ከፍታ እንጨት ሊሠራው የሚገባውን ግማሹን ሣር ነው የሚሠራው። የአፑሪማክ ሰዎችም ከዚሁ ችግር ተነሥተው ነው ሣርን ድልድይ እስከመሆን ያደረሱት።

የታጨደው ሣር መጀመሪያ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ በድብልብል ድንጋይ ይቀጠቀጣል። ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል፤ የሥራው ግማሽ ግን እዚህ አለ። ደረቅ አገዳ ሲጠመዘዝ ይሰበራል፣ የተሰበረ አገዳ ደግሞ ምንም አይሸከምም። ውኃ የጠጣውና የተቀጠቀጠው አገዳ ይጠፈጠፋል፣ ይለሰልሳል፣ ከጎኑ ካለው አገዳ ጋር ይተኛል። ከልክ በላይ ከተቀጠቀጠ ጭረቱ ይበጣጠሳል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም።

ቀጥሎ ቀጭኑ ገመድ ነው። ይህን የሚገምዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከብት እየጠበቁ፣ እያወጉ። ሁለት ትናንሽ ጭብጥ ሣር በመዳፍ መሐል ይያዛል። ሁለቱም ለየብቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሾራሉ። ከዚያ እርስ በርስ ሲጠማዘዙ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የገመድ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክር ወደ መጣበት ሊፈታ ይታገላል፤ ሲፈታ ግን ጓደኛውን ያጠብቃል። ጓደኛውም እንዲሁ። ሁለት ፍላጎቶች ተያይዘው ይቆማሉ፣ ገመዱም ያለ ቋጠሮና ያለ ሙጫ ይጸናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። አንዱ አገዳ አጭር ነው፤ ከሰው ክንድ ብዙም አይርቅም። የተገመደው ገመድ ግን ወደ 70 ሜትር ይደርሳል። አገዳዎቹ ጫፍ ለጫፍ አልተቀጠሉም፤ ቋጠሮ ቢፈለግ አይገኝም። ገማጇ የያዘችው ጭብጥ መሳሳት ሲጀምር፣ ገና ሳያልቅ፣ ጥቂት አዲስ አገዳ ታስገባለች። ትንሽ ቆይታ በሌላው ክር ውስጥ ታስገባለች። ሁለቱ ክሮች አንድ ቦታ ላይ አብረው እንዲሳሱ ፈጽሞ አትፈቅድም፤ ምክንያቱም ገመዱ የሚበጠሰው እዚያ ነው። አገዳውን ከአገዳ ጋር የሚያይዘው መፋተግ ብቻ ነው። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ጥምዘዛው ይጠብቃል፣ ጥምዘዛው በጠበቀ ቁጥር መፋተጉ ይበረታል። ጭነት ሲጨመርበት ይበልጥ የሚያያዝ ሥራ ነው። በደንብ የተገመደውን ከደካማው ለመለየት ዓይን ይበቃል፦ ጥምዘዛዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ያጋደሉ፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት የሆነ ገመድ ጥሩ ገመድ ነው።

እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን ገምዶ ያመጣል። በእኔ ግምት ቄስዋቻካን ታላቅ ሥራ ያደረገው ይህ ቀጭን ገመድ ነው። ጎብኚው የሚያየው ገደሉንና ትልልቆቹን ገመዶች ነው፤ ፎቶግራፉም የሚነሣው እነሱን ነው። ትልቁ ገመድ ግን ከትንንሾቹ የተለየ ጉልበት ከየትም አያመጣም። አንድ ቤት የላላ ገመድ ብታመጣ፣ ያ ልልነት ትልቁ ገመድ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ራሷ የምትሻገርበት ድልድይ ውስጥ ይገባል። የአራት መንደር ሰው እያንዳንዱን ጥቅልል ሲረከብ እየጎተተ የሚያየው ለዚህ ነው።

መታደሱ ራሱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በአራተኛው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል። ሥራ ሳይጀመር ግን ተራሮቹ ይጠየቃሉ። ፓቆ የሚባለው የሥርዓቱ አዋቂ የኮካ ቅጠል፣ በቆሎና የላማ ጮማ አዘጋጅቶ ለምድር እናት ለፓቻማማና አፑ ለሚባሉት ተራሮች ያቀርባል፤ መሥዋዕቱ በእሳት ይቃጠላል፣ ጸሎቱም ሥራው እስኪያልቅ ይቀጥላል። በወጉ መሠረት ገደሉ ላይ የሚሠሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶች ከድልድዩ ራቅ ብለው ከላይ ሆነው ይገምዳሉ፤ ሴት ሥራው አጠገብ ብትቀርብ አደጋ ይመጣል የሚል እምነት አለ። እምነቱን የሚያከብር ሰው እንኳ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፦ ወንዶቹ የተንጠለጠሉበት ገመድ አብዛኛው አስቀድሞ ከሴቶቹ መዳፍ የወጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ገደሉ አፋፍ ባለው መንገድ ላይ ቀጫጭኖቹ ገመዶች ይዘረጋሉ። በርከት ያሉት በአንድነት ይያዛሉ፣ በሁለት በኩል የቆሙ ወንዶች ይስቧቸዋል፣ እየተሳቡ ይጠመዘዛሉ፤ አንድ ወፍራም ክር ይሆናሉ። ሦስት እንዲህ ያሉ ክሮች ደግሞ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ያ ጉንጉን ዋናው ገመድ ነው። በሁለት እጅ መዳፍ ቢታቀፍ ጣቶች አይገናኙም። በውስጡ ወደ 120 የሚጠጉ ቀጫጭን ገመዶች አሉ። ለድልድዩ ስድስት ይሠራሉ፤ አራቱ ወለሉን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ቀጠን ብለው የእጅ መደገፊያ ይሆናሉ።

አሮጌው ድልድይ የመጨረሻ አገልግሎቱን የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሰው መሪ ገመድ ይዞ በላዩ ይሻገራል። ዋናዎቹ ገመዶች በዚያ ተስበው ወደ ማዶ ይሄዳሉ። ከዚያ አሮጌው ይቆረጣል። ወንዙ ይወስደዋል፤ ሣር ስለሆነ ይበሰብሳል፣ ቆሻሻ ሆኖ የሚቀር ነገር የለውም።

ከዚያ ውጠራው ይመጣል። ወለሉን የሚይዙት አራት ገመዶች ከሁለቱም ዳር በድንጋዩ መሠረት ላይ አልፈው ከኋላው ባሉት ማሰሪያዎች ይጠመጠማሉ። ወንዶች በረድፍ ቆመው ይስባሉ፤ ትንሽ ይሳባል፣ ይታሰራል፣ እንደገና ይሳባል። ሰዓታት የሚፈጀው ጉልበት ስላነሰ ብቻ አይደለም። አራቱም እኩል መውረድ አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ካለ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ሌሎቹ ያርፋሉ፣ እሱም አስቀድሞ ያረጃል። ባለሙያው ዳር ላይ ቆሞ ዓይኑን በገመዶቹ ልክ ዝቅ አድርጎ ያያል፤ በእጁም ምልክት ይሰጣል። የውኃ ልክ የለም፣ መለኪያ ገመድ የለም።

ለምንድን ነው ድልድዩ መሐሉ ላይ የሚረግበው? ቀጥ ብሎ ቢወጠር ለመሻገር ይቀል ነበር። መልሱ በቁጥር ይገኛል። ክብደቱ እኩል የተዘረጋ ገመድ መሐሉ ላይ የርዝመቱን አንድ አሥረኛ ያህል ቢረግብ፣ ዳርና ዳሩን ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይል ከጠቅላላው ክብደት 1.25 እጥፍ ይሆናል። ርግበቱን በግማሽ ብንቀንስ ኃይሉ 2.5 እጥፍ ይደርሳል። ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ድልድዩ ሜዳ ይመስላል፣ ሣሩ ግን ይሰቃያል፤ በላላ ቁጥር ሣሩ ያርፋል፣ ሰው ግን ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ይወጣል። የቄስዋቻካ ርግበት የእነዚህ ሁለቱ ስምምነት ነው። ያንን ልክ ያገኙት ሒሳብ የሚጻፍበት ፊደል ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ያገኙትም ድልድይ እየሠሩ፣ እየቆረጡ፣ መልሰው እየሠሩ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ሽመናው ነው። ቻካሩዋክ የሚባሉት የድልድይ ባለሙያዎች አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ዳር ይነሣሉ። ባለሙያው በወለሉ ገመዶች ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ወንዙ ላይ ይንጠለጠላሉ። በእጁ ቀጭን ገመድ ይዟል። ከወለሉ ገመድ ሥር አሳልፎ ወደ መደገፊያው ያወጣል፣ ይጠመጥማል፣ ይስባል፣ ይመልሳል። ጥቂት ወደ ፊት ይንፏቀቃል፣ ደግሞ ያንኑ ይሠራል። ከኋላው ረዳቶቹ ጥቅልል ያቀብሉታል። በዚህ መንገድ ከሁለቱም ጎን ከወለል እስከ መደገፊያ ድረስ የገመድ አጥር ይወጣል። አጥሩ ሰው እንዳይወድቅ ይጠብቃል፤ ሌላም ሥራ አለው። እግር ወለሉን በተጫነ ጊዜ ጭነቱ በአጥሩ ገመዶች በኩል ወደ መደገፊያዎቹም ይወጣል፣ ስድስቱም ዋና ገመዶች አብረው ይሸከማሉ። ያለ አጥሩ መደገፊያው እጅ ማሳረፊያ ብቻ ይሆን ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች መሐል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ የጭራሮው ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ይታሰራል፣ ድልድዩም ይከፈታል።

እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ተረት አይኖርም። አባታቸው ስፔናዊ፣ እናታቸው የኢንካ ዘር የነበሩት ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በኩስኮ እ.ኤ.አ. በ1539 ተወለዱ፤ ስለ ኢንካዎች የጻፉት ትልቁ መጽሐፋቸው በ1609 ታተመ። እሳቸው እንደሚተርኩት በአፑሪማክ ላይ ታላቅ ድልድይ ያስዘረጋው አራተኛው ኢንካ ማይታ ካፓክ ነው። ድልድዩ ባለቀ ጊዜ በማዶ የነበሩት ሕዝቦች አይተው ተደነቁ፤ ይህን የሚሠራ የፀሐይ ልጅ ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል ብለው ብዙዎቹ ያለ ጦርነት ገቡ። የነገሥታትን ታሪክ የሚያሳምር ወግ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ከጦርና ከጋሻ ይልቅ የገመድ ሥራን የድል ምክንያት አድርጎ የሚተርክ ሕዝብ ለሙያ የሰጠው ክብር ከዚህ ይታያል።

ሌላው ወግ ስለ ወንዙ ነው። በኬችዋ ቋንቋ አፑሪማክ ማለት «የሚናገር ጌታ» ነው። ከቄስዋቻካ ሌላ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ በነበረው ታላቅ ድልድይ አካባቢ ወንዙ ይናገርበታል የሚባል ቤተ መቅደስ ነበር። ከስፔን ወራሪዎች አንዱ የነበረው ፔድሮ ፒሳሮ እንደጻፈው የቤተ መቅደሱ ጠባቂ አሳርፓይ የተባለች የኢንካ ወገን ሴት ነበረች። ወራሪዎቹ ሲመጡ ፊቷን ሸፍና፣ የአምላኳን ስም እየጠራች ከገደሉ ወንዝ ውስጥ ራሷን ጣለች።

ያ ታላቁ ድልድይ ዛሬ የለም። አሜሪካዊው ኤፍሬይም ጆርጅ ስኩዋየር በ1860ዎቹ ተሻግሮበት በለካው ጊዜ ርዝመቱ 148 ጫማ፣ ማለትም 45 ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መንገዱ ተለወጠ፤ የሚገምድለት ሲጠፋ ድልድዩም ጠፋ። ቶርንተን ዋይልደር በ1927 ያሳተመው «የሳን ሉዊስ ሬይ ድልድይ» የተባለው ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ድልድይ ዝና ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ገመዱ ተበጥሶ አምስት ሰዎች ይሞታሉ።

እኛም በወንዝ ላይ ገመድ የሚሸከመውን ሸክም እናውቃለን። በሞጣና በቤጌምድር መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ሰባራ ድልድይ መሐሉ በጎደለበት ዘመን ተጓዦች በገመድ ታስረው፣ በሁለቱ ዳር በቆሙ ወንዶች እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። እዚያ ድንጋዩ ሲሰበር ገመድ ተተካ፤ በአፑሪማክ ግን ከመጀመሪያውም የታመነው ገመድ ነው።

ከቄስዋቻካ ጥቂት ራቅ ብሎ ዛሬ የብረት ድልድይ አለ። መኪና የሚያልፈው በዚያ ነው። ስለዚህ የአራቱ መንደሮች ሰዎች የሣሩን ድልድይ የሚሠሩት መሻገሪያ ስላጡ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባው የጻፈው የድልድዩን ስም ብቻ ሳይሆን የማደሱን ዕውቀት፣ ሙያና ሥርዓት ነው። ትክክለኛ አጻጻፍ ነው፤ የአምና ድልድይ ወንዝ ወስዶታልና። በ2015 ባለሙያዎቹ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተጋብዘው፣ ገደልም ወንዝም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ እንዲህ ያለ ድልድይ በሕዝብ ፊት ገምደው አሳይተዋል።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እድሳቱ ቀረ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረው። በመጋቢት 2021 ድልድዩ ተበጥሶ ወደቀ። መንደሮቹ ሣራቸውን አጨዱ፣ ነከሩ፣ ቀጠቀጡ፣ ገመዱ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ አዲሱ ተዘረጋ።

ዕድሉ ገጥሞዎት ወደ ኩስኮ የሚሄዱ ከሆነ ለአራተኛው ቀን ጭፈራ አይድረሱ። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ይገኙ፤ ገመዱ ገና በየጥቅልሉ ተከምሮ ሳለ አንዱን ይዘው ጥምዘዛውን በጣትዎ ይከተሉ፣ አዲስ አገዳ የገባበትን ቦታ ይፈልጉ። ጥሩ ከተገመደ አያገኙትም።